ኳስ ሜዳ ለውትድርና ምልመላ ፈተና ያበቃል ወይ? የጅማ ነዋሪዎች ክርክር

የውይይቱ መሪ፦ የሠራዊት ምልመላ ማስታወቂያ በየቀበሌው በተለጠፈ ቁጥር በከተማችን የሚታየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከኳስ በቀር ሌላ እንቅስቃሴ የማያውቅ ወጣት ኳሱን እርግፍ አድርጎ ይተውና ጎህ ሳይቀድ ወደ ጅሬን የሚያወጣውን ዳገት ሲሮጥ ይሰነብታል። የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለአካል ብቃት ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት በለመደው ስፖርት ቢቀጥል ይሻለዋል ወይስ ስፖርቱን ትቶ ፈተናው የሚጠይቀውን ብቻ ቢለማመድ? ከዚሁ ጋር የሰፈር ሜዳዎች ጠዋት ጠዋት ለተፈታኞች ይከፈቱ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። መዝመት ይገባል አይገባም የሚለውን ሙግት ግን ለሌላ ቀን እናቆየው።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦ እኔ በኳሱ ይቀጥል ባይ ነኝ። አንድ የመሀል ሜዳ ተጫዋች በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህንንም የሚሸፍነው በአንድ ፍጥነት ሳይሆን እየተራመደ፣ ዱብ ዱብ እያለ፣ በድንገት እየፈተለከና አቅጣጫ እየቀየረ ነው። ብቻውን በአስፋልት ዳር የሚሮጥ ልጅ በሳምንቱ ይሰለቻል፤ ሜዳ ላይ ግን ደከመኝ ሳይል ሁለት ሰዓት ይቆያል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲወስድ ያየ ትውልድ ለኳስ ያለውን ፍቅር ጤናማ ወደሆነ ነገር መምራት እንጂ ከኳሱ ማባረር አይገባንም። ደግሞስ አበበ ቢቂላን ያፈራው የክብር ዘበኛ ሠራዊት አልነበረም ወይ? ስፖርትና ውትድርና ዱሮም አልተለያዩም።

ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፦ ልጄ፣ የአበበን ነገር ገልብጠህ አመጣኸው። አበበ ክብር ዘበኛ ከገባ በኋላ ነው በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሥር ሠልጥኖ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው፤ ሠራዊቱ ሯጭ አደረገው እንጂ ስፖርቱ ለምልመላ አላበቃውም። ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ታርፋለህ፣ ሲደክምህ ለጓደኛህ ታቀብላለህ። ፈተና ላይ የምታቀብለው ሰው የለም። በኳስ የታወቁ ልጆች ፑሽ አፕ ላይ ሲዋረዱ አይቻለሁ፤ ደረታቸው ወደ መሬት ካልቀረበ ወይም ወገባቸው ከተንጠለጠለ ቆጣሪው ያንኑ ቁጥር ይደግመዋል። ሠላሳ ሠርቻለሁ ያለው ልጅ አሥራ አንድ ላይ ቆሞ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ «አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ» የሚለውን ድምፅ ይሰማል። ይህን ኳስ አያስተምርም።

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦ ሃምሳ አለቃ የተናገሩት በእኛ ትምህርት የታወቀ መርሕ ነው፤ ሰውነት የሚላመደው በተለማመደው ነገር ነው። ሆኖም መልሱ «ፈተናው ምንድን ነው» በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ዶክተር ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ለአሜሪካ አየር ኃይል ያስተዋወቁት የ12 ደቂቃ ሩጫ ያለማቋረጥ እኩል መሮጥን ይለካል፤ ለዚህ ኳስ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ተጫዋች ጉልበቱን ማከፋፈል አልለመደም፣ በመጀመሪያው ዙር ተኩሶ በሦስተኛው ይቆማል። በሌላ በኩል በ20 ሜትር ርቀት መካከል እየተመላለሱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ፍጥነቱ በየደቂቃው ገደማ በግማሽ ኪሎ ሜትር የሚጨምረው፣ በድምፅ ምልክት የሚመራው ሩጫ መቆምና መዞር ስላለበት የኳስ ተጫዋች በደንብ ይወጣዋል። የአሜሪካ ምድር ጦር ለአርባ ዓመታት ያህል በፑሽ አፕ፣ በሲት አፕና በሁለት ማይል ሩጫ ብቻ ሲፈትን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ክብደት ማንሳትንና ጭነት እየጎተቱ መሮጥን የጨመረ ባለ ስድስት ክፍል ፈተና አጸደቀ፤ በ2025 ደግሞ ከስድስቱ አንዱ የነበረውን የከባድ ኳስ ውርወራ አውጥቶ ወደ አምስት አወረደው። ስለዚህ ዛሬ የምናውቀውን አንድ ፈተና ብቻ እያጠኑ መዘጋጀት ነገ ፈተናው ሲቀየር ባዶ እጅ ያስቀራል።

አንድ አባት፦ የአሜሪካው ለአሜሪካ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ሜዳው ነው። በየሰፈሩ የቀረችው አንዲት ሜዳ የልጆች መጫወቻ ናት፤ ዛሬ ለተፈታኞች ከተባለች ነገ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሁሉ በፉጨት የሚሰለፍባት ትሆናለች። ስፖርት ለራሱ ሲባል፣ ለደስታም ለጤናም፣ መሠራት አለበት። ልጄ ኳስ የሚጫወተው ምልምል ለመሆን አይደለም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦ የአባትን ስጋት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ክርክሩ እስካሁን አጥንትን ረስቷል። አንድ ሰው ሩጫ ሲጀምር ልቡና ሳንባው በጥቂት ሳምንታት ይለመልማሉ፤ አጥንት ግን በዝግታ ነው የሚጠነክረው፤ እንዲያውም አዲሱ ከመሠራቱ በፊት አሮጌው ስለሚበላ በመጀመሪያው ወር ይበልጥ ይሳሳል። ትንፋሹ የተስተካከለለት ወጣት በረታሁ ብሎ ሩጫውን እጥፍ ሲያደርግ የቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ አጥንቱ ይሰነጠቃል። ይህን ሕመም በምልምሎች ላይ የገለጸው የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ብራይትሃውፕት ነው፣ ያውም ኤክስሬይ ባልነበረበት እ.ኤ.አ. በ1855። ሚልግሮምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ አለው፦ ከሥልጠና በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ኳስ፣ በተለይ ቅርጫት ኳስ፣ ያዘወተሩ የእስራኤል እግረኛ ምልምሎች ይህ ስንጥቅ የደረሰባቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ባነሰ መጠን ነው፤ ሩጫ ማዘውተር ግን እንዲህ ያለ ጥቅም አልታየበትም። መዝለልና በየአቅጣጫው መዞር አጥንትን ከየጎኑ ያጠነክራል፣ ቀጥ ብሎ መሮጥ ግን ያንኑ ቦታ ብቻ ደጋግሞ ይመታል። ስለዚህ አሰልጣኙ ልክ ናቸው፣ ነገር ግን ጥቅሙ የሚመጣው በሁለት ዓመት እንጂ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቅልጥምን በጣት ሲጫኑ ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከተሰማና ሌሊትም ካልተወ «የባት ድካም ነው» ብሎ ዳገት መውጣት አይገባም፤ ማቆምና መታየት ያስፈልጋል። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ልምምድ ማክበድም አይመከርም፤ ምግብ ሲጎድል አጥንት ቶሎ ይጎዳል፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል።

ለመመዝገብ የምትዘጋጅ ወጣት፦ ስለ ሴቶች ያነሳ ሰው በመገኘቱ አመሰግናለሁ። «በስፖርቱ ይቀጥሉ» ሲባል ስፖርቱን ያገኘው ማን እንደሆነ ይታሰብ። ትምህርት ቤት ሳለሁ መረብ ኳስ እጫወት ነበር፤ ከጨረስኩ በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ሜዳው በወንዶች ይሞላል፣ ንጋት ላይ በጨለማ ብቻዬን መሮጥ ደግሞ ቤተሰቦቼም እኔም የምንደፍረው ነገር አይደለም። ሃምሳ አለቃ፣ ልጆቹ ፑሽ አፕ የሚወድቁት ኳስ ስለተጫወቱ ሳይሆን የሚቆጥርላቸው ሰው ቀድሞ ስላላገኙ ይመስለኛል። የሜዳው መከፈት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንደ እኔ ያሉትን ነው።

ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፦ በዚህስ ረታሽኝ፣ ልጄ። ሜዳው ከተከፈተ ለመቁጠር እኔ እመጣለሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ግን አይሰለፍም፤ በዚህ ከአባትየው ጋር ነኝ። ሸክም ይዞ መሮጥም ከመግባት በፊት አያስፈልግም፣ እሱን ማሠልጠኛው ያስተምራል።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦ እንግዲያው ኳሱ ሳይቀር ሁለት ነገር እንጨምርበት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ያለማቋረጥ የሚሮጥ ቀስ ያለ ሩጫና ከጨዋታ በኋላ በትክክል የተቆጠረ ፑሽ አፕ። ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ለሴቶች ቢለይ የእኔ ልጆች አይጎዱም፤ የሚመጡት ከሰዓት ነው።

አንድ አባት፦ የጅማን ዝናብ የረሳችሁት ትመስላላችሁ። ክረምቱን በጠዋት የተረገጠ ሜዳ ከሰዓት ለልጆች ጭቃ ሆኖ ነው የሚጠብቃቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ልምምዱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል የሚል በጽሑፍ ካልተቀመጠ ተቃውሞዬን አልተውም።