ልብ ትር ትር ሲል ሽንት ለምን ይበዛል?

ጥያቄ (ነርስ፣ ጤና ጣቢያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ተመላላሽ ክፍል ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አቤቱታ አለ፦ «ልቤ ድንገት ትር ትር ይላል፤ ከዚያ ሽንቴ እየመጣ መቀመጫ ያሳጣኛል»። የሽንት ምርመራ ይታዘዛል። ነጭ የደም ሴል የለም፣ ናይትራይት (የባክቴሪያ ምልክት) ኔጌቲቭ ነው፣ ስኳርም የለም። ያም ሆኖ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ተብሎ ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ) ተጽፎ ታካሚው ይሸኛል። ልብ ራሱ ሽንት ሊያበዛ ይችላል? ሆልተር (ምትን ሙሉ ቀን የሚመዘግብ መሣሪያ) በሌለበት ቦታ ምን እንጠይቅ፣ ምንስ እንለካ? ታካሚው ውሃ ይቀንስ መባሉስ ትክክል ነው?

መልስ (ሐኪም፣ የውስጥ ደዌ)

ሲስተር፣ አዎ፣ ያበዛል። የልብ የላይኛው ክፍሎች ደም መቀበያ ብቻ አይደሉም፤ ሆርሞንም ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል የወጣ ጭማቂ ለሌሎች አይጦች ወጉ። አይጦቹ ወዲያው ብዙ ሽንትና ጨው አስወገዱ። ያ ንጥረ ነገር ዛሬ ኤኤንፒ ይባላል።

ምቱ በደቂቃ 150 እና 180 ሲደርስ የላይኛው ክፍል ደሙን የሚያራግፍበት ጊዜ ያጥረዋል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ግድግዳው ይለጠጣል፣ ኤኤንፒ ወደ ደም ይለቀቃል። ሆርሞኑ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባውን ጥቃቅን የደም ሥር ስለሚያሰፋ የሚጣራው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ሶዲየም ተመልሶ እንዳይመጠጥም ያግዳል። ውሃ የሚቆጥብልን ቫሶፕሬሲንም ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት እንደ ውሃ የጠራና ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምቱ ከተነሳ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጀምርና ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ታካሚው እኛ ዘንድ ሲደርስ ልቡ ተረጋግቶ ሽንቱ ብቻ የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው፤ ልቡን ካልጠየቅነው አይነግረንም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ሸናህ?» ሳይሆን «በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይወጣል?» ይሁን። ጥቂት እየወጣ የሚያቃጥል ከሆነ ችግሩ ፊኛ ላይ ነው፤ ጥቂት እየወጣ ፍሰቱ ደካማ ከሆነ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፉ ወንዶች፣ ፕሮስቴትን አስቡ። በየጊዜው ፊኛ ሞልቶ የጠራ ሽንት ከወጣና ከዚያ በፊት ልብ ከመታ ግን ወደ ልብ ሂዱ። ዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ የሚነከር መመርመሪያ) ካላችሁ በሕመሙ ሰዓት የሽንቱን ስፔሲፊክ ግራቪቲ (የውፍረቱን መለኪያ) እዩ፤ 1.005 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሌላው ሁሉ ኔጌቲቭ ከሆነ ሽንቱ ቀጥኗል ማለት ነው፣ የኢንፌክሽን መልክ የለውም።

ቀጥሎ ምቱ ወጥ ነው ወይስ የተዘበራረቀ? ድንገት ተነስቶ ድንገት የሚቆም፣ ወጥ ሆኖ በጣም የሚፈጥን፣ «አንገቴ ላይ ይደልቃል» የሚያሰኝ ከሆነ ኤስቪቲ (ከታችኛው የልብ ክፍል በላይ የሚነሳ ፈጣን ምት) የምንለው ሊሆን ይችላል። ከዓይነቶቹ በአንዱ የላይኛውና የታችኛው ክፍል በአንድ ጊዜ ስለሚጨመቁ የላይኛው በተዘጋ ቫልቭ ላይ ይገፋል፤ የአንገቱ ድልቂያም የሽንቱ ብዛትም ከዚያ ይመጣል። ምንም ሥርዓት የሌለው ምት ከሆነ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት መርገብገብ) ይጠረጠራል። እዚህ ላይ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ በስቴቶስኮፕ ልብን፣ ሌላው የእጅ አንጓን በተመሳሳይ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት በተዘበራረቀ ምት ያሳስታል። ልብ 130፣ አንጓ 104 ከመጣ አንዳንዱ ምት እጅ ጋ የማይደርስ ደካማ ነው።

በአገራችን ፊብሪሌሽን የሽማግሌ በሽታ ብቻ አለመሆኑን አደራ። በሩማቲክ በሽታ የጠበበ ማይትራል ቫልቭ (በግራ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው) ያላቸው ወጣት ሴቶች የላይኛው የግራ ክፍላቸው ለዓመታት ተለጥጦ ይቆያል። ነፍሰ ጡር ስትሆን ሽንቱም የልብ ትርታውም «የእርግዝና ነው» ተብሎ ያልፋል። ማዳመጫውን ሳናስቀምጥባት አንሸኛት።

ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የተዛባው ምት ካቆመ በኋላ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬውን አያነሳም። ደረት የሚወጋው፣ ራሱን የሳተ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 በታች የሆነ ታካሚ ሽንቱ ሳይጠየቅ ወዲያውኑ ሪፈር ይደረግ።

መልስ (ፋርማሲስት)

ሲፕሮው ላይ ልጨምር፣ ጉዳቱ ድርብ ነውና። ሲፕሮ በኢሲጂ ላይ ኪውቲ የሚባለውን (የታችኛው የልብ ክፍል የኤሌክትሪክ ዑደት የሚወስደውን ጊዜ) ስለሚያረዝም ቀድሞም ለተዛባ ልብ አይመችም። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አይኤንአር (ደም ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳይ ቁጥር) ከፍ ያደርጋል። ኮትሪሞክሳዞል (ሌላው አንቲባዮቲክ) ከዚህ ይብሳል፦ አይኤንአርን በብርቱ ይጨምራል፣ ከኢናላፕሪል (የደም ግፊት መድኃኒት) ወይም ከስፓይሮኖላክቶን (ፖታሲየም የሚያስቀር ሽንት አብዢ) ጋር ሲሆን ፖታሲየምንም ያንራል። ኢንፌክሽኑ እውነት ሆኖ መስጠት ግድ ከሆነ አይኤንአር ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይደገም።

ግንኙነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፣ ሽንት ልብን ያዛባል። ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት ሽንት አብዢ መድኃኒቶች ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ከሽንት ጋር ያስወጣሉ። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከ3.5 ሚሊሞል በሊትር ሲወርድ የልብ ምት ሊዘል፣ ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) የሚወስድ ደግሞ ሊመረዝ ይችላል፤ ማቅለሽለሽና ነገር ቢጫ ሆኖ መታየት ምልክቱ ነው። ለልብ ታካሚ 4.0 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ሙዝ ብሉ እያልን ሁሉን መምከር ግን አይሆንም፤ ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም አለልክ ሊጨምር ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊት ብቻ አራት አምስት ጊዜ የሚነሱትስ? ውሃውስ?

መልስ (ሐኪም፣ የውስጥ ደዌ)

ለሌሊቱ ከመድኃኒት በፊት መለኪያ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ተቆርጦ በየ100 ሚሊ ሊትሩ ይሰመርበትና 3 ቀን እያንዳንዱ ሽንት ከነሰዓቱ ይጻፍ፤ ልብ የመታበት ሰዓትም ከጎኑ። በ24 ሰዓት ከ3 ሊትር ካለፈ ስኳር ተመልከቱ። የሌሊቱ ድርሻ ከጠቅላላው ሲሶ ከበለጠ ግን ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ሲተኙ ወደ ደም እየተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ቁርጭምጭሚት በጣት ተጭኖ ጉድጓዱ ይታይ። እንዲህ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት እግሩን ከፍ አድርጎ ቢጋደም ውሃው ከመኝታ በፊት ይወጣለታል። ላሲክስም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛ ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ ይወሰድ፤ ሥራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ስለሚቆይ ማታ የዋጠው አይተኛም።

የሚያንኮራፋና ትንፋሹ እየቆመ የሚባንን ከሆነ እንቅልፉ ይመርመር። በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ሲታገል ደረት ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ያንኑ የላይኛውን የልብ ክፍል ይለጥጣል፣ ኤኤንፒም ይለቀቃል። ይህ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆም ለፊብሪሌሽንም ያጋልጣል። አንገቱ ላይ እንቅርት ያለበት፣ ክብደቱ የቀነሰና እጁ የሚንቀጠቀጥ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝለት።

ውሃውን በጅምላ አታስቀንሱ። ከሕመሙ በኋላ የሚጠማው ሰው ያጣውን እየፈለገ ነው፤ በጥማቱ ልክ ይጠጣ። መጠን የሚገደበው እንደ ልብ ድካም ያለ ሕመም ላለበት ነው፣ እሱም በሐኪሙ ቁጥር።

አንድ ነገር ጤና ጣቢያ ላይ ሊሠራ ይችላል። ምቱ ወጥ ሆኖ የፈጠነ፣ ግፊቱም የተረጋጋ ሰው ግማሽ ጋደም ብሎ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ ገፊው ፈቀቅ እስኪል ለ15 ሰከንድ ይንፋ። ወዲያው በጀርባው አስተኙትና እግሩን በ45 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያዙለት። ኢሲጂ ካለ እየተነሳ ቢሆን መልካም፤ የፈጠነው ምት ሲቆም የተመዘገበው ወረቀት ለስፔሻሊስቱ ከማንኛውም የሪፈር ጽሑፍ በላይ ይነግረዋል። ለተዘበራረቀው ምት ይህ አይረዳም።