በኮርስ የሚከፈል ማስተማር ለኦፒቲ (ከምረቃ በኋላ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ) ይሆናል? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። እዚህ አሜሪካ በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ነው ያለሁት፣ በግንቦት ዶክትሬቴን እጨርሳለሁ። መስኬ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ጣልያን በ1935 እ.ኤ.አ. ሲወረን እነ ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ ስለኛ የጻፉትን ነው የማጠናው። (እናቴ አሁንም ለጎረቤት “እንግሊዝኛ እየተማረ ነው” ነው የምትለው።)

ቋሚ የመምህርነት ቦታ ስፈልግ ከረምኩ፣ አንዱም አልተሳካ። አሁን የተገኘው በኮርስ የሚከፈል ማስተማር ነው፣ ሁለት ኮርስ። ኦፒቲ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ሥራ ይፈልጋል፣ እኔ ክፍል የምገባው 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ዝግጅቱና ያ ሁሉ የተማሪ ወረቀት ማረም ካልተቆጠረልኝ እንደ ሥራ አጥ ልታይ ነው፣ ለዚያ የሚፈቀደው ደግሞ በድምሩ 90 ቀን ነው። የሳይንስና የምህንድስና ልጆች ተጨማሪ 24 ወር አላቸው፣ እኛ ያው 12 ወር።

በዚህ ያለፈ ሰው አለ? ኮሌጁ የዝግጅት ሰዓቱን ጨምሮ ደብዳቤ ጻፈላችሁ? የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ብጠይቅ “ከኃላፊህ ጋር ተነጋገር” አሉኝ፣ ኃላፊው ደግሞ መልሶ ወደ እነሱ ላከኝ። መልስ እስከ አርብ ስጥ ተብያለሁ።