አወርባክ «ሚሜሲስ»ን ያለ መጽሐፍ ነው የጻፈው የሚባለው እውነት ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ኤሪክ አወርባክ የሚያውቅ ካለ... ሰውዬው ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው፣ ናዚዎች ከማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ አባረሩት፣ ኢስታንቡል ገብቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል «ሚሜሲስ»ን ጻፈ፣ የምዕራቡ ሥነ ጽሑፍ እውነታን እንዴት እንደሚያሳይ የሚያጠና መጽሐፍ ነው፣ ከጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ከሆሜር እስከ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ ያለውን ሁሉ በቃሉ ይዞ ጻፈው ይላሉ። ይሄ ነገር አልተጋነነም? ደሞ ፊሎሎጂስት ሲባል ቋንቋ አጥኚ ነው ሃያሲ?

ብራና፦
ተጋኗል እንጂ። ምዕራፎቹ የሚጀምሩት ከድርሰቱ በተወሰደ ረዘም ያለ ጥቅስ ነው፣ ያንን በቃሉ አልያዘውም መቼም 😄 ያጣው ስለ ድርሰቶቹ የተጻፈውን ጥናትና ጆርናል ምናምን ነው። ራሱም መጨረሻው ላይ ጽፎታል፣ ደህና ላይብረሪ ቢኖረኝ ያንን ሁሉ ሳነብ ምናልባት መጻፉ ላይ አልደርስም ነበር አይነት ነገር። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945 ጻፈው፣ ስዊዘርላንድ በርን ላይ በ1946 ታተመ።

የቀለም ቀንድ፦
እኔ ደሞ ኢስታንቡል ውስጥ ከምሁራን ተነጥሎ ብቻውን የኖረ «ብቸኛው ስደተኛ» ነበር የሚባለው ነው የማይዋጥልኝ። የቱርክ መሪ አታቱርክ በ1933 የኢስታንቡልን ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ ሲያቋቁም ከጀርመን የተባረሩ ምሁራን በብዛት ነው የገቡት፣ የአወርባክም ቦታ ከሱ በፊት የሌላው ስደተኛ የሥነ ጽሑፍ ምሁር የሊዮ ሽፒትሰር ነበር። እዛው ከተማ ገላታ ሰፈር ያለው የዶሚኒካን (የካቶሊክ መነኮሳት) ገዳም ላይብረሪም ነበረለት፣ እዛ እንዲገባ የፈቀዱለት በኋላ ፖፕ ዮሐንስ 23ኛ የሆኑት ሮንካሊ ናቸው። ግን መባረሩ ቀልድ አልነበረም፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን የተዋጋ ሰው ነው፣ በ1933 አይሁዳውያን ከመንግስት ስራ ሲባረሩ እሱ ስራው ላይ የቆየውም በዘማችነቱ ነው፣ በ1935 እሱም አላዳነውም።

ማርጋ፦
@ጀማሪው ሁለተኛውን ጥያቄህን ዘለሉት። የመጀመሪያ ዶክትሬቱ በህግ ነው (1913፣ ሃይደልበርግ)፣ ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ነው ወደ ሮማንስ ቋንቋዎች (ከላቲን የመጡት፣ እንደ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ያሉት) የዞረው፣ በርሊን ላይብረሪ ውስጥ እየሰራ ጣሊያናዊውን ፈላስፋ ቪኮን ተረጎመ፣ ስለ ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ ጻፈ። ፊሎሎጂ ለሱ አረፍተ ነገሩ እንዴት እንደተገነባ አይቶ ጸሐፊው ዓለምን እንዴት እንደሚያይ መረዳት ነው። ለምሳሌ ምዕራፍ 1፣ አሮጊቷ ሞግዚት የሆሜርን ጀግና የኦዲሴየስን እግር ስታጥብ ጠባሳውን አየች፣ ሆሜር እዛው ጋ ታሪኩን አቁሞ ጠባሳው ከየት እንደመጣ ከ70 መስመር በላይ ይተርክልሃል፣ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ከዛ ዘፍጥረት 22ን አጠገቡ ያስቀምጣል። አብርሃም ልጁን ሊሰዋ ሶስት ቀን ሲሄድ ምን አሰበ? አንዲት ቃል የለችም! ዝም ነው። ይስሐቅ «በጉ ወዴት ነው» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስጨንቅህ እሱ ዝምታ ነው። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ዘፍጥረትን እንደድሮው ማንበብ አልቻልኩም።

ጀማሪው፦
ኧረ ተባረኩ። ከዳር እስከ ዳር በተራ ነው የሚነበበው?

ማርጋ፦
አይ፣ ምዕራፎቹ ለየብቻ ይነበባሉ። ስለ ስፔኑ ልብወለድ ዶን ኪኾቴ የሚያወራው ምዕራፍ ራሱ መጀመሪያ አልነበረም፣ በኋላ ነው የገባው። 1ን አንብብና ወደ ዳንቴው ዝለል።

ብራና፦
ዳንቴው ከባድ ነው፣ አታስፈራሪው። መጀመሪያ ዉልፍን ይሞክራት።