ርካሽ ቴሌፎቶ ዙም ጫፉ ላይ ብዥ ይልብኛል፣ ሌንሱ ነው ወይስ ሴቲንጉ?

የወፍ_ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው፣ እስቲ የምታውቁ እህታችሁን አግዙኝ። ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር (ሴንሰሩ ከሙሉው አነስ ያለ) ሚረርለስ (እንደ ዲኤስኤልአር ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው) ነው፣ ቦዲው ውስጥ ስታቢላይዜሽን (የእጅ መንቀጥቀጥ መቀነሻ) የለውም። በቅርብ አንድ ርካሽ ከሚባሉት ቴሌፎቶ ዙሞች (ሩቁን የሚያቀርቡ ሌንሶች) ገዛሁ፣ ዙሙ ሙሉ ሲሳብ ጫፉ 250 ሚሊ ነው፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ከ4.5 ይጀምርና ጫፉ ላይ 6.3 ይሆናል፣ ሌንሱ ራሱ ስታቢላይዘር አለው። በዋናነት ለወፍ ብዬ ነው የገዛሁት፣ ከዛ ደግሞ የእህቴ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ለማንሳት። እስከ 100 ምናምን ድረስ ደስ ይላል፣ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው፣ 250 ላይ ስደርስ ግን የወፏ ላባ አይለይም፣ ልጆቹማ ሲሮጡ ፊታቸው ጭራሽ ብዥ ነው። የማነሳው በአፐርቸር ፕራዮሪቲ (አፐርቸሩን እኔ መርጬ ሸተሩን ካሜራው የሚመርጥበት ሞድ) ነው፣ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) ስለማልወድ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ትብነት) ከ400 እንዳያልፍ አድርጌዋለሁ፣ የፎቶዎቹን ኢንፎ ከፍቼ ሳይ ሸተር ስፒዱ (ሸተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ በሰከንድ) 1/160፣ 1/200 አካባቢ ነው የሚለው። ሰው ሁሉ ርካሽ ቴሌፎቶ እንዲሁ ነው፣ ሽጪውና አፐርቸሩ 2.8 የሆነውን ግዢ ይለኛል፣ እሱ ደግሞ አሁን አቅሜ አይደለም። በእውነት ሌንሱ ነው?

ሜዳ_ዳር፦

እህቴ ሌንሱን እንዳትሸጪው። መልሱ ራስሽ የጻፍሽው ውስጥ ነው ያለው፣ 1/160 በ250 ሚሊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቆመ ነገር እንኳን በእጅ ይዘሽ ስታነሺ የድሮው ሂሳብ ሸተሩ ቢያንስ የሌንሱን ሚሊ ያህል ይሁን ይላል፣ ክሮፕ ሴንሰር ላይ ደግሞ በ1.5 ታባዢዋለሽ፣ 250 ሲባዛ 375 ይመጣል፣ ስለዚህ ወደ 1/400 ማለት ነው። ስታቢላይዘሩ ይሄን ዝቅ ያደርግልሻል፣ ግን ስታቢላይዘር የሚይዘው ያንቺን እጅ ነው፣ የሚሮጠውን ልጅ አይዝልሽም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ስታቢላይዘር አለው ተብሎ ሸተሩ ይዘነጋል። የሚሮጥ ልጅ ከ1/800 እስከ 1/1000 ይፈልጋል፣ የምትበር ወፍ 1/2000 ብትሰጫት አይበዛባትም።

አሁን አይኤስኦ። ከ1/160 ወደ 1/1250 ስትሄጂ ሦስት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው) ብርሃን ታጪያለሽ፣ በዛው ብርሃን አይኤስኦው ከ400 ወደ 3200 ይወጣል። አውቃለሁ 3200 የሚለው ቁጥር ያስፈራል። ግን ኖይዝ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ይስተካከላል፣ በእንቅስቃሴ የደበዘዘን ፊት ግን እንደነበረ የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። ራው (ካሜራው ያላቀናበረው ፋይል) ካነሳሽ ደግሞ የአሁኖቹ የኖይዝ ማጥፊያዎች በጣም ጎበዝ ናቸው፣ የፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም ራሱ ከ2023 ጀምሮ በኤአይ የሚሠራ አለው።

ሞዱን ማንዋል አድርጊውና ሸተሩን 1/1000 ላይ፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተሽ ተዪው፣ አይኤስኦውን ብቻ ኦቶ አድርጊና ጣሪያውን 6400 ድረስ ልቀቂለት። ከዛ በኋላ ስለ ወፏ ብቻ ነው የምታስቢው። እኔ በዚህ ሞድ ነው ሁሌም ሜዳ ዳር የምቆመው፣ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ቀስ_በቀስ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ሸተሩ ትልቁ ምክንያት እንደሆነ እኔም አልጠራጠርም፣ ግን ሌንሱ ምንም የለበትም ብሎ መደምደምም ትክክል አይመስለኝም። እነዚህ ርካሽ ዙሞች አብዛኞቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ለስለስ ይላሉ፣ በተለይ ማዕዘኖቹ አካባቢ። ስለዚህ ከመገመት ፈትሺው፣ ቀላል ነው። ብዙ ጽሑፍ ያለበት ነገር፣ ጋዜጣም ይሁን የመጽሐፍ ሽፋን፣ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ወይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ ስታቢላይዘሩን አጥፊ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሚ እና በ250 ሙሉ ተከፍቶ አንድ፣ ኤፍ 8 (አፐርቸሩ 8) ላይ አንድ፣ ከዛ ዙሙን ወደ 200 መለስ አድርገሽ ሁለቱንም ድገሚው። ፊደሎቹ ከተነበቡልሽ ሌንሱ ጤነኛ ነው። አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ጎን ከደበዘዘ ግን ውስጡ ያለው መስታወት ቦታውን ስቷል ማለት ነው፣ ያኔ ዋስትና ካለው ይዘሽ ሂጂ።

ሌላ ሁለት ነገር። ፊት ለፊቱ ላይ ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚታሰር መስታወት) አለበት? ካለ አውልቂው፣ 50 ሚሊ ላይ የማይታወቅ ፊልተር 250 ላይ ፎቶውን ሲያበላሽ አይቻለሁ፣ ለመከላከያ ሁድ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ጥላ) ይበቃል፣ እሱ የጎን ብርሃንም ይከለክልልሻል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቀትር ላይ ሜዳ አቋርጠሽ ሩቅ ያለ ነገር ስታነሺ ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያንን 2.8ም አይፈታውም። ጠዋት ውጪ።

ደግሞ ወፍ ከሆነ ፍላጎትሽ ከሁሉም በላይ መጠጋት ነው። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሺ ወፏ ፎቶው ላይ የምትይዘው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ያን ያህል ልዩነት በሌንስ ለማግኘት 250ውን 500 ማድረግ አለብሽ! ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነፃ ነው፣ ወፍ የማይንቀሳቀስ ሰው ቶሎ ትለምዳለች።

የወፍ_ወዳጅ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሞከርኩት። ትራይፖድ ላይ 250 ሙሉ ተከፍቶ ፊደሎቹ ይነበባሉ፣ ኤፍ 8 ላይ በትንሹ ይሻላል፣ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። ፊልተሩንም አወለቅኩት። ልጆቹን በ1/1000 ሳነሳቸው ደግሞ ብዙው ተስተካክሏል፣ ግን አሁንም የተወሰኑት ላይ ፎከሱ ከኋላ ያለው አጥር ላይ ነው የሚሄደው፣ ወፏም ቅርንጫፍ ውስጥ ከሆነች እንደዛው። ይሄስ? በዛው ደግሞ ታምሮን የሚባለው ካምፓኒ 70-300 ሌንስ ጥሩ ነው የሚል አንብቤ ነበር፣ ወይ ደግሞ የድሮ የዲኤስኤልአር (አንጸባራቂ መስታወት ያለው ካሜራ) ሌንስ ከነአዳፕተሩ (ማገናኛው) ቢሆን ምን ትላላችሁ? አሁን ልገዛ ሳይሆን ወደፊት ነው።

አዳፕተር፦

የሌንሱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። የየትኛው ካምፓኒ ካሜራ እንደሆነ አልነገርሽንም፣ እሱ ይወስነዋል።

ታምሮን 70-300 ሚረርለሱ ማለትሽ ከሆነ በ2020 ለሶኒ የወጣው ነው፣ በኋላ ለኒኮን ዜድም (የኒኮን ሚረርለስ) ሠርተውታል። የሶኒው 545 ግራም ገደማ ነው፣ ለዋጋው ጥሩ ሌንስ ነው፣ ግን ስታቢላይዘር የለውም! ያንቺ ቦዲ ውስጥም የለም። በፀሐይ 1/1000 እያነሳሽ ብዙም ላይሰማሽ ይችላል፣ ደመና ሲሆን ግን ቪውፋይንደሩ (በዓይን የምታይበት መመልከቻ) ውስጥ ምስሉ ሲዘል ወፏን ፍሬም ውስጥ መያዙ ራሱ ሥራ ይሆናል። ከ250 ወደ 300 ለምታገኚው ጭማሪ ስታቢላይዘር መተው ላንቺ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ካሜራሽ ካኖን አርኤፍ (የካኖን ሚረርለስ) ከሆነ ግን 100-400 አለ፣ ከ5.6 እስከ 8 የሆነው፣ 635 ግራም፣ ስታቢላይዘር ያለው፣ በ1.6 ክሮፕ 640 ሚሊ ያህል ያሳይሻል። ኤፍ 8 ሲባል ሰው ይሸሻል። በዲኤስኤልአር ዘመን እውነት ነበር፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች ከ5.6 በላይ ሲሆን ኦቶፎከሳቸው አስተማማኝ አልነበረም፣ ቪውፋይንደሩም ይጨልማል። ሚረርለስ ፎከስ የሚያደርገው ሴንሰሩ ላይ ስለሆነ በኤፍ 8 ይሠራል፣ ቪውፋይንደሩም ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ራሱ ያበራልሻል። ለኔ ሚረርለስ ለርካሽ ቴሌፎቶ ያደረገው ትልቁ ውለታ ይሄ ነው፣ ቀላልና አፐርቸሩ ጠባብ የሆነ ሌንስ ሠርተው የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሮ ሌንስ በአዳፕተር ጥሩ ነው፣ ግን ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ። ለምሳሌ የካኖን 55-250 ኤስቲኤም (ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለ) በካኖን አዳፕተር ምንም ችግር የለበትም። የኒኮን የድሮዎቹ ኤኤፍ-ዲ ግን በቦዲው ሞተር ነው የሚዞሩት፣ የኒኮኑ ኤፍቲዜድ አዳፕተር ላይ ሞተር ስለሌለ ኦቶፎከስ አይኖርሽም፣ በእጅ ማዞር ነው። ለምትበር ወፍ እሱን አልመክርሽም።

2.8ቱን በተመለከተ፣ ከ6.3 ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፣ ይሄ ቀላል አይደለም፣ ማታ ወይ አዳራሽ ውስጥ የምታነሺ ከሆነ ሌላ ምትክ የለውም። ግን 70-200 ነው፣ ካለሽ ሌንስ ያጥራል፣ ቀላል የሚባለው የሶኒ ሁለተኛው ጂኤም (ውዱ የሌንስ ተከታታይ) እንኳ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ለቀን ወፍ ብለሽ እሱን ብትገዢ ትቆጫለሽ።

ሜዳ_ዳር፦

ፎከሱ አጥሩ ላይ የሚሄደው የፎከስ ኤሪያው (ካሜራው ፎከስ የሚፈልግበት ቦታ) ሰፊ ስለሆነ ይመስለኛል። ሰፊ ኤሪያ ላይ ካሜራው መስመሩ ጎላ ያለውን ነገር ይመርጣል፣ አጥር ደግሞ መስመር ብቻ ነው። መጀመሪያ ከኤኤፍ-ኤስ (አንዴ ፎከስ አድርጎ የሚቆም) ወደ ኤኤፍ-ሲ (እየተከታተለ ፎከስ የሚያደርግ) ቀይሪው (ካኖን ሰርቮ ይለዋል)፣ ከዛ ኤሪያውን አነስ ወዳለው ዞን አውርጂው፣ ካሜራሽ የፊትና የዓይን መለያ ካለው ለልጆቹ ክፈቺው፣ ለወፍ ደግሞ የእንስሳ ወይ የወፍ የሚል ምርጫ ካለ ወደሱ። ቅርንጫፍ ውስጥ ላለች ወፍ ግን እኔ በዓይን መለያው አልተማመንም፣ ትንሿን ነጥብ ደረቷ ላይ አድርጌ ነው የማነሳው፣ እንቢ ካለ ፎከሱን በእጅ ወደሷ አቅርበሽ ከዛ ለኦቶው ልቀቂው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይይዛታል።

አንድ ነገር ግን ላርም፣ 1/1000 ያልኩሽ ለሚንቀሳቀስ ነው። ወፏ ቁጭ ካለች ስታቢላይዘሩ ይሥራ፣ ወደ 1/250 ዝቅ በዪና በበርስት (በተከታታይ) አምስት ስድስት አንሺ፣ ከመሃል አንዱ ጥርት ይላል፣ አይኤስኦሽም ይወርዳል። ስክሪኑን እያየሽ እጅሽን ዘርግተሽ ሳይሆን ዓይንሽን ቪውፋይንደሩ ላይ አስጠግተሽ፣ ግራ እጅሽ ከሌንሱ ስር ሆኖ ክንድሽን ጎንሽ ላይ ደገፍ አድርገሽ ያዢው።

ኤሌክትሮኒክ ሸተር ላይ ከሆንሽም ለበራሪ ወፍና ለሚመታ ኳስ ወደ ሜካኒካል ቀይሪው። ሴንሰሩ መስመር በመስመር ስለሚያነብ ክንፉ ይጣመማል፣ ኳሱም ሞላላ ይሆናል፣ እሱን ደግሞ ሌንሱ ነው ብለሽ እንዳትጠረጥሪ።