ሥራው ለወረደበት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ወይስ የማሻሻያ ዕቅድ?

አወያይ፦ ሰዓት የሚያከብር፣ ትእዛዝ የሚቀበል ሠራተኛ ነው እንበል፤ የሥራ ውጤቱ ግን ከሚጠበቀው በታች ነው። አሠሪው ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት ወይስ የማሻሻያ ዕቅድ ያውጣለት? ሐሳባችሁን አምጡ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ ዕቅድ እላለሁ። አስቀድሞ መለየት ያለበት አልቻለም ወይስ አልፈለገም የሚለው ነው። ሥልጠና ከጎደለው፣ መሣሪያው ካረጀ፣ የሁለት ሰው ሥራ ከተጫነበት ወይም ከታመመ ማስጠንቀቂያ ምን ይፈይዳል? ለዕቅዱ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ጉድለቱ፣ ግቡ፣ ድርጅቱ የሚያደርገው ድጋፍና የሚገመገምበት ቀን ይጻፍበታል። «ትጋት ይጎድለዋል» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «ባለፈው ወር ካዘጋጃቸው 40 የክፍያ ሰነዶች 9ኙ የሂሳብ ስህተት ነበረባቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ ከ2 መብለጥ የለባቸውም» ሲባል ግን ሁለቱም ወገን ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ያውቃሉ። የቅርብ ኃላፊው በየሳምንቱ ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ ካላየው ደግሞ ዕቅዱ ከመሳቢያ አይወጣም።

የክፍል ኃላፊ፦ አልስማማም። «እንደግፍሃለን» እየተባለ የቆየ ሰው አንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ ሲደርሰው ከማስጠንቀቂያ የከፋ ጭካኔ ነው። እንጀራው አደጋ ላይ መሆኑ በግልጽ፣ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። እሱ የጎደለውን የሚሞሉት ባልደረቦቹም አሉ፤ እነሱን ማን ያስባቸው?

የሥራ ክርክር ጠበቃ፦ ሁለቱ አይነጣጠሉም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 በአፈጻጸም ድክመት ለማሰናበት ተገቢ መመሪያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ለመሻሻል በቂ ጊዜ መሰጠት እንዳለበት ይመክራል። በዚያው ዓመት የወጣው ስምምነት ቁጥር 158 ደግሞ ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ክስ መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ይጠይቃል። የየአገሩ ሕግ ዝርዝሩ ይለያያልና መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

አሠሪዎች የሚሸነፉት ግን በአብዛኛው በገዛ ማህደራቸው ነው። ሠራተኛው ተሰናብቶ ማህደሩ ሲከፈት የየዓመቱ ምዘና «በጣም ጥሩ» ይላል፤ ኃላፊው ላለመቀያየም ነጥብ ሲያድል ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሥራው ደካማ ነበር ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ሌላው ስህተት የማርፈድ ጥፋትንና የችሎታ ጉድለትን በአንድ ደብዳቤ ማጨቅ ነው። ማርፈድ በዲሲፕሊን ደንቡ፣ ችሎታ በዕቅዱ ይታይ፤ ሲቀላቀሉ ለስንብቱ የትኛው ምክንያት እንደሆነ አይታወቅም።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦ ዕቅዱ ራሱ ወጥመድ እንደሚሆን አትርሱ። ውሳኔው ካለቀ በኋላ ለማስመሰል የሚወጣ ዕቅድ አለ። ምልክቱም አይጠፋም፤ በዚያው መደብ ያሉት ሌሎች ሠራተኞች እንኳ የማያሟሉት ግብ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ግቡ ከእነሱ ውጤት ጋር ይነጻጸር፣ የሠራተኛው አስተያየትም በዚያው ገጽ ይስፈር። መልስ ሲሰጥ የሚያግዘው ሰው ይዞ መቅረብ እንዲችል ምክረ ሐሳብ 166ም ይላል።

የክፍል ኃላፊ፦ አልፈርምም ቢልስ?

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ ፊርማው መቀበሉን እንጂ መስማማቱን አያሳይም፤ ይህም ከፊርማው በላይ ይጻፍ። እንቢ ካለ «ተሰጥቶታል፣ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ቀን ይጻፍበትና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። አለመፈረሙን አዲስ ጥፋት ማድረግ ግን ነገሩን ያበላሸዋል። እርስዎ ስለ ማስጠንቀቂያው ያነሱትን እቀበላለሁ፤ ግቡ ካልተሟላ ስንብት ሊከተል እንደሚችል በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይስፈር።

የክፍል ኃላፊ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ጊዜው ግን ከአንድ ወር አይበልጥ።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦ ይህን አልቀበልም። የማሸጊያ ሠራተኛ ለውጥ በሳምንታት ይታያል፤ ሂሳብ በየወሩ የሚዘጋ ሠራተኛ ግን በአንድ ወር የሚፈተነው አንዴ ብቻ ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ሂሳብ ሲዘጋ ይታይ።