በአፏ የምትጎርስ ጠመንጃ ጣሪያ ውስጥ አገኘን፤ እንዴት ነው የሚጀመረው?

የቧንቧ ውሃው

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል፤ ግን ቤት ውስጥ ጠብ ሊያስነሳ ስለሆነ ቶሎ መልሱልኝ።

ባለፈው ሳምንት ቦሩ ሜዳ ወጥተን የአያቴን ቤት የሣር ክዳን አውርደን ቆርቆሮ ልናለብስ ነበር። ወራጁ ላይ በጠፍር የታሰረ ጥቅል ተገኘ። የፍየል ቆዳ ነው፤ ጥላሸቱ እንደ ሬንጅ ተጣብቆበታል። ስንፈታው ጠመንጃ። አቁሜ ስለካት አገጬ ጋ ትደርሳለች። ጥይት የሚገባበት በር ብፈልግ አጣሁ፤ ኋላዋ ድፍን ነው። ቀኝ ጎኗ ላይ እንደ ዶሮ አንገት የተቆለመመ መዶሻ አላት። መዶሻው የሚያርፍባት ደግሞ ሽንብራ የምታክል ጡት መሳይ ብረት ናት፣ ጫፏ ቀዳዳ። ከአፈሙዙ ሥር የዘንግ ማስገቢያ አለ፤ ዘንጉ ግን የለም።

አያቴ "የአባቴ አባት ከመቅደላ ይዟት የመጣ ናት" ትላለች። ወሎ ውስጥ አሮጌ ብረት ሁሉ ከመቅደላ ነው የሚመጣው፤ እሱን ለጊዜው ተዉት። ጭቅጭቁ ሌላ ነው። የአጎቴ ልጅ ለእህቱ ሠርግ ካልተኮስኳት ብሎ ድርቅ ብሏል። "በአፏ ነው የምትጎርሰው። ከክላሽ ጥይት ባሩዱን አራግፌ እጨምርባታለሁ። አረሩን ከመኪና ባትሪ እርሳስ አቀልጣለሁ" ይላል። ዩቲዩብ አይቷል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አምሮኛል። እንዲህ ዓይነቷን ተኩሶ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው? ባሩዱስ ያው ባሩድ አይደለም ወይ?

ቶርኖ ቤት፣ ኮምቦልቻ

ቆይ ቆይ። መጀመሪያ ልጁን ከእሷ አርቀው። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ባዶ መሆኗን በምን አወቅክ?

የድሮ ሰው አጉርሶ ሊሰቅላት ይችላል። ሌባ ሲመጣ ባሩድ የሚሰፍርበት ጊዜ የለውማ። ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው መቶ ዓመትም ቢቀመጥ ያው ባሩድ ነው። የአንተዋ ወራጅ ላይ በምድጃ ጭስ ስትደርቅ ነው የኖረችው። እኔ ሥራዬ ብረት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ አሮጌ አፈሙዝ ይዞ መጥቶ "ለማጠፊያ ቁረጥልኝ" አለኝ። ግራይንደሩን አስነስቻለሁ። ረዳቴ ዝም ብሎ በሽቦ ውስጡን ወጋ ሲያደርግ ሽቦው ከታች ሳይደርስ ቆመ። ያን ቀን ሱቄን በስድስት ሰዓት ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ፈልግ፣ ብረት አይሁን። ጠመንጃዋን አስተኛት፤ አፈሙዟ ሰው ወደሌለበት ይሁን። አንተ በጎን ቁም። እንጨቱን ቀስ አድርገህ እስኪቆም ድረስ አስገባና አፈሙዙ ጫፍ ጋ ሲደርስ ምልክት አድርግበት። አውጣውና በውጭ በኩል ከብረቷ ጎን አስተኛው። ምልክቱን ከአፈሙዙ አስተካክለህ ስታይ፣ ሌላው ጫፍ ያቺ ጡት መሳይዋ ጋ ከደረሰ ባዶ ልትሆን ትችላለች። ሦስት አራት ጣት ከቀረው ሆዷ ውስጥ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ መቆርቆር የለም፣ መሰርሰር የለም፣ እሳት ማስጠጋት የለም። ለፖሊስ ተናገር።

ከሐረጎ ሥር

ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ቨርጂኒያ 17 ዓመት ሆነኝ። አሁን ለእረፍት መጥቼ እዚሁ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ነው የምጽፍልህ። በአፏ የምትጎርሰዋን እተኩሳለሁ። ግን እዚያ፣ ተኩስ ሜዳ ላይ፣ በድሮው ዓይነት አዲስ በተሠራች ነው። ወራጅ ላይ በተገኘች አይደለም። ይህን ልዩነት ያዝልኝ።

የአጎትህ ልጅ ነገር ይቅደም። ባሩድና ባሩድ አንድ አይደለም! የክላሹ ጭስ አልባ የሚባለው ነው፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1884 ከሠሩት ወዲህ የመጣ ዘር። ግፊቱ ሌላ ነው። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ብረት ውስጥ ሲነድ አረሩ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የሚሰነጠቀው ደግሞ ከታች፣ ከተኳሹ ጉንጭና ከግራ እጁ አጠገብ ነው። "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም። የባትሪ እርሳስ ማቅለጥም ጭሱ መርዝ ነው፤ ለአረር የሚፈለገው ንጹሕና ለስላሳ እርሳስ ነው።

እኔን ያስጀመረኝ አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ ሽማግሌ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜ አንድም አላስተኮሰኝም። ሲተኩስ አያለሁ፣ ሲጨርስ አጥባለሁ። አኩርፌ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ መነጽር አደረገልኝ፣ ጆሮዬን ደፈነልኝ፣ "በል" አለኝ።

የእሱ ጠመንጃ አፈሙዟ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። አረሯ ድቡልቡል ናት፣ ከአፈሙዙ በጥቂት ታንሳለች። ለምን ቢሉ ብቻዋን አትገባም፤ በቅባት የራሰ የአቡጀዲ ቁራጭ ለብሳ ነው የምትገባው። ባሩዱን ከሚይዝበት ቀንድ በቀጥታ አፈሙዝ ውስጥ አያፈስም። መጀመሪያ በነሐስ መስፈሪያ 60 ግሬይን ይሰፍራል፤ ወደ 4 ግራም ነው። ከፊተኛው ተኩስ ፍም ቀርቶ ቢሆን መስፈሪያው ብቻ ይነዳል። ከቀንዱ ብታፈስ ግን ቀንዱ ሙሉ እጅህ ላይ ይፈነዳል።

ከዚያ አረሩን በአቡጀዲው ላይ አስቀምጠህ በዘንግ መግፋት ነው። እኔ ዘንጉን ጫፉ ላይ ይዤ በአንድ ትንፋሽ ልወርድ ስል እጄን መታኝ። "ዝቅ አድርገህ ያዝ፣ ስንዝር ስንዝር ግፋ" አለኝ። ረጅም ይዘህ ስትጫነው ዘንጉ ተሰብሮ መዳፍ ይበሳል። ዘንጉ ላይ ሁለት ጭረት አለው። አንዱ ባዶ ስትሆን፣ አንዱ ስትጎርስ። አረሩ ባሩዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ካልተቀመጠ፣ መሃሉ አየር ከቀረ፣ ብረቱ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጭረቱን ሳያይ አይተኩስም። ካፕ የሚሏት፣ መዶሻው ሲመታት እሳት የምትሰጥ ትንሽ የመዳብ ቆብ የመጨረሻ ናት። ጡቷ ላይ የምትደረገው አፈሙዙ ወደ ዒላማው ከዞረ በኋላ ነው።

ሳብኩ። ክላሽ ጧ ነው የሚለው። ይቺ ግን ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ትከሻህን ትገፋዋለች እንጂ አትመታውም። ከዚያ ነጭ ጭስ ብቻ። መታሁ አልመታሁም ለማወቅ ጭሱ እስኪገፈፍ ቆመህ ትጠብቃለህ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ ድኙ ነው። ጃኬቴ ለሳምንት ሸተተኝ፣ ባለቤቴ መኪና ውስጥ አስቀረችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ደሴ ብርድ እያወራሁለት ባሩዱን ረሳሁት። አረሩን ጠቅጥቄ፣ ካፕ አድርጌ፣ ሳብኩ። ጠቅ። ዝም። ወዲያው ዞር ልል ስል "እንዳትንቀሳቀስ!" ብሎ ጮኸብኝ። እሳቱ አንዳንዴ ዘግይቶ ይያዛል። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ወደ ዒላማው አዙረህ ትቆማለህ፤ እኛ ሁለት ቆምን። ከዚያ አረሩን በብሎን መሳይ መንቀያ አወጣልን። "ሁሉም አንድ ቀን ይረሳል" ብሎ ሳቀ።

እና ማጠብ! ማንም አይነግርህም እንጂ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። በተኩስ መሃልም በረጠበ ጨርቅ ትወለውላለህ። ማታ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ማድረቅ፣ ዘይት። የባሩዱ አመድ ውሃ ከአየር ይስባል፣ ብረት ይበላል። አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ደክሞኝ ሳላጥባት አደረች። ጠዋት ጨርቅ ባስገባ የክረምት ቦርከና መስሎ ወጣ። እጅህንም ታጠብ፣ እርሳስ ነክተህ እንጀራ እንዳትቆርስ።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ በአዲስ ጠመንጃ፣ በሚያውቅ ሰው ጎን፣ በተኩስ ሜዳ ነው የሚጀመረው። ለሠርግ አይሆንም። አገራችን ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ያስጠይቃል። "የአያቴ ናት" ብለህ እንዳታስቀምጣት።

ጠመኔ፣ ደሴ

ታሪክ አስተምራለሁና አንድ ነገር ልጨምር። የአያትህ ነገር ከንቱ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ወታደሮች የያዙት በአብዛኛው በአፉ የሚጎርስ ነበር። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ይዘው መጡ። ከሐረጎ ሥር የጻፉትን እያነበብክ ሰዓት ያዝ፤ ባሩድ፣ ጨርቅ፣ አረር፣ ዘንግ፣ ካፕ። በደቂቃ ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት። ስናይደር በዚያው ደቂቃ አሥር ይተኩሳል። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪ አያምነኝም።

ግን እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በየቤቱ ኖሯል፤ ስለዚህ መቅደላ ነበረች ማለት አይቻልም። "ውጅግራ ናት" የሚል ከመጣም አትስማው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥራ ነው፣ ከኋላ ነው የሚጎርሰው። መዶሻው ሥር ያለው ብረት ላይ ማኅተም ወይም ጽሑፍ ካለ ፎቶ አንሳ። በአሸዋ ወረቀት እንዳትነካት አደራ።

የቧንቧ ውሃው

ተመልሻለሁ። ጋሼ ቶርኖ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕዳ አለብኝ።

ቀጥ ያለ ሸምበቆ አገኘሁ። እንዳሉኝ አስተኝቼ፣ በጎን ቆሜ አስገባሁ። ምልክት አድርጌ በውጭ ስለካው አምስት ጣት ጎደለ። ደግሜ ለካሁ። አምስት ጣት። የአጎቴ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን መዶሻ እየሳበ ለሰፈር ልጆች ሲያሳይ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ውጭ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አያቴ ብቻ ነች ያልደነገጠችው። "ባዶ ናት ማን አላችሁ? አባቴ ለጅብ ብሎ አጉርሷት ነው የሞተው" አለች። ለምን አልነገርሽንም ስንላት "ማን ጠየቀኝ?"

ማኅተሙን ፎቶ አንስቻለሁ፣ ለመምህሩ እልካለሁ። ፖሊስ ጠራን፤ መጥተው አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙረው አዩዋት፣ ፈርመን ወሰዱ። ባዶ ስትሆን ወዴት እንደምትሄድ እንነጋገራለን ብለውናል። አያቴ ግን የፍየል ቆዳውን አልሰጥም ብላ አስቀርታለች። ይታጠባል አሉ።