ኤርምያስ 17፥14–18፦ «የመከራን ቀን አልተመኘሁም» ያለ ነቢይ ያንኑ ቀን በአሳዳጆቹ ላይ ለምን ለመነ?

ተማሪ27 (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን ነቢዩ ኤርምያስ በስደቱ ጊዜ የጸለያቸውን ጸሎቶች እያዘጋጀሁ ነው። ያለን አራት ሳምንት ነው፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት። አባላቱ ከኦርቶዶክስም ከወንጌላውያንም ስለሆኑ ሁሉም በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚያነበው።

ያስቸገረኝ ምዕራፍ 17 ነው። ቁጥር 14ን፣ «አቤቱ፥ ፈውሰኝ እኔም እፈወሳለሁ» የሚለውን፣ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ቁጥር 16 ላይ ነቢዩ የመከራን ቀን እንዳልተመኘ እግዚአብሔርን ራሱን ምስክር ይጠራል። ቁጥር 18 ላይ ደግሞ ክፉ ቀን በአሳዳጆቹ ላይ እንዲመጣ፣ በእጥፍ ጥፋት እንዲጠፉ ይለምናል። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። ምን ብዬ ላስረዳ? ጸሎቶቹንስ በአራት ሳምንት እንዴት ልከፋፍላቸው?

ብራና

ሰላም ተማሪ27። መልሱ ያለው ባልጠቀሱት በቁጥር 15 ላይ ነው። «የእግዚአብሔር ቃል ወዴት አለ? አሁን ይምጣ» የሚሉት ሰዎች ንግግር ተራ ፌዝ አይደለም፣ ክስ ነው። በዘዳግም 18፥20–22 መሠረት በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ያልተፈጸመለት ነቢይ ሐሰተኛ ነው፤ በስሙ ያልታዘዘውን የተናገረ ደግሞ ይገደላል። ኤርምያስ የተጠራው በኢዮስያስ 13ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ጀምሮ ከሰሜን ጥፋት ይመጣል ይላል። ኢየሩሳሌም የፈረሰችው በ587 ወይም በ586 ነው። በመካከሉ 40 ዓመት ገደማ አለ። ከተማይቱ በሰላም ውላ ባደረች ቁጥር የከሳሾቹ ክርክር እየበረታ፣ የነቢዩ ነፍስ ለአደጋ እየቀረበች ትሄዳለች።

ስለዚህ ቁጥር 16 ለዚያ ክስ የሰጠው መልስ ነው፦ ጥፋቱን ከልቤ አፍልቄ አልተናገርሁም፣ ለሕዝቡም አልተመኘሁም፣ ከከንፈሬ የወጣው ሁሉ በፊትህ ነበረ። ቁጥር 18 ደግሞ ፍርድ መጠየቅ ነው። የሚጠይቀውም «አሳዳጆቼ» ባላቸው ላይ እንጂ በሕዝቡ ሁሉ ላይ አይደለም። እጥፍ የሚለውንም ከራሱ አላመጣውም። ጥቂት ቀደም ብሎ በ16፥18 የበደላቸውን እጥፍ እከፍላለሁ ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ነቢዩ ይህንኑ ቃል ይዞ ወደ ተናጋሪው ተመለሰ። ቃሉ ካልተፈጸመ ሐሰተኛ የሚባለው ኤርምያስ ብቻ አይደለምና።

ሁለተኛው የሚዘለል ነገር ከቁጥር 14 በፊት ያለው ነው። ቁጥር 9 የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛና ክፉ ነው ይላል፤ ቁጥር 10 ልብን የሚመረምረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ቁጥር 13 የሕይወትን ውኃ ምንጭ የተዉትን ይወቅሳል። «ፈውሰኝ» የሚለው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ከ15፥18 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡት። እዚያ ኤርምያስ ቁስሌ አልፈወስ አለ ብሎ አማርሮ፣ እግዚአብሔርን ጥም ላይ ከሚከዳ ምንጭ ጋር አመሳስሎት ነበር። እዚህ ያንኑ አምላክ የሕይወት ውኃ ምንጭ ብሎ ጠርቶ፣ ያንኑ ቁስል ፈውስ ይለዋል። ቡድኑ ይህን በራሱ ዓይን እንዲያገኘው ጊዜ ይስጡት፤ አስቀድመው አይንገሯቸው።

የዓናቶት መንገድ

በብራና ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ በአከፋፈሉ ላይ ልናገር። ጸሎቶቹ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይቆጠራሉ፦ 11፥18–12፥6፣ 15፥10–21፣ 17፥14–18፣ 18፥18–23 እና 20፥7–18። አምስት ናቸው፣ ያላችሁ አራት ሳምንት ነው። 17ኛውን ከ18ኛው ጋር ማጣመር ይሻላል፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው፣ ሁለቱም ፍርድ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት በ1፥4–19 ይጀመር። ያለ እርሱ ጸሎቶቹ መሠረት የላቸውም። በ1፥18–19 የተሰጠው ተስፋ የናስ ቅጥር አደርግሃለሁ፣ ይዋጉሃል ነገር ግን አያሸንፉህም የሚል ነው። ነቢዩ ከዚያ በኋላ የሚከራከረው በዚህ ተስፋ ላይ ቆሞ ነው፤ 15፥20 ላይም እግዚአብሔር የመለሰለት ይህንኑ ቃል ነው። ከጥሪው በኋላ ወደ 11፥18 ይለፉ። የዓናቶት ሰዎች ማለት የገዛ አገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ ላይ ያለች የካህናት ከተማ ናት። ያሉትም ግልጽ ነው፦ እንዳትሞት በእግዚአብሔር ስም ትንቢት አትናገር (11፥21)። 12፥6 ደግሞ ወንድሞቹና የአባቱ ቤት ራሳቸው እንደ ከዱት ይናገራል። እግዚአብሔር የሰጠው መልስ አያባብልም። ከእግረኞች ጋር ሮጠህ ከደከምህ ከፈረሶች ጋር እንዴት ትችላለህ አለው።

11፥23 የዓናቶትን ሰዎች ቅሬታ አይቀርላቸውም ስለሚል «ጠፍተው ቀሩ» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕዝራ 2፥23ን ያሳዩት፤ ከምርኮ ከተመለሱት መካከል የዓናቶት ሰዎች 128 ተብለው ተቆጥረዋል። ምዕራፍ 32ም አለ፤ ኤርምያስ በከበባው ጊዜ በዚያችው በዓናቶት ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ሊገድሉት ባሴሩበት አገር ነው የገዛው። ይህን ሳያዩ የመጀመሪያውን ጸሎት መዝጋት ያሳዝናል።

ለሁለተኛው ሳምንት 15፥10–21ን ከ16፥1–9 ጋር ያጣምሩ። 15፥17 ላይ «ለብቻዬ ተቀመጥሁ» የሚለው ምን እንደሆነ 16ኛው ምዕራፍ ዘርዝሮ ያሳያል፦ ሚስት አታግባ፣ ወደ ልቅሶ ቤት አትግባ፣ ወደ ግብዣ ቤት አትግባ። ልቅሶ የማይደርስ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚታይ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። 15፥11–14 ግን አስቸጋሪ ነው፤ ትርጉሞች በጣም ይለያያሉ። እዚያ ላይ ከተከራከራችሁ ሰዓቱ ያልቃል፤ በፍጥነት አንብባችሁ ወደ 15፥19 እለፉ።

የንባቡን ነገር ልጨምር። ሁለት አንባቢ ይመድቡ፤ አንዱ የነቢዩን፣ ሌላው የእግዚአብሔርን ቃል ያንብብ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛው አንባቢ ሁለት ጊዜ ይመልሳል (11፥21–23 እና 12፥5–6)። በሁለተኛው ሳምንት 15፥19–21ን ያነባል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚያነበው የለውም፤ ከ17፥18 በኋላ ወዲያው የሚመጣው ስለ ሰንበት የተነገረ ሌላ ስብከት ነው፣ ከ18፥23 በኋላም የሸክላው ገንቦ ታሪክ ነው። በአራተኛውም እንዲሁ። መልስ የተሰማባቸውን ጸሎቶች ብቻ መርጦ የሚያስተምር ሰው መጽሐፉን ግማሽ ያህል ቆርጦታል።

ከምዕራፍ 11 እስከ 20 ያለውን እንደ ዕለት ማስታወሻ በቀን ቅደም ተከተል አያስተምሩት። ምዕራፍ 21 በሴዴቅያስ ዘመን ነው፣ ምዕራፍ 25 በኢዮአቄም 4ኛ ዓመት (605)፣ ምዕራፍ 26 ወደ ኢዮአቄም መንግሥት መጀመሪያ ይመለሳል። ከጸሎቶቹ መካከል ከተወሰነ ድርጊት ጋር ተያይዞ የተቀመጠው የ20ኛው ብቻ ነው፤ የቤተ መቅደሱ አዛዥ ጳስኮር ነቢዩን መትቶ በላይኛው በብንያም በር በግንድ አሰረው፣ በማግስቱም ፈታው።

ተማሪ27

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። 18፥21 ልጆቻቸውን ለራብ አሳልፈህ ስጥ ይላል። ይህ በጉባኤ መካከል ጮክ ተብሎ ይነበባል ወይስ እንዝለለው? ደግሞም 20፥13 «ለእግዚአብሔር ዘምሩ» ብሎ ስለሚያመሰግን ጥናቱን እዚያ ላይ ጨርሰን 20፥14–18ን ብንተወውስ?

ሸክላ ሠሪ

ሁለቱንም አይዝለሉ። የ18ኛው ከቁጥር 20 ጋር ካልተነበበ ግን ይጎዳል። ነቢዩ እዚያ «ቍጣህን ከእነርሱ ትመልስ ዘንድ ስለ እነርሱ በጎ ነገር ለመናገር በፊትህ እንደ ቆምሁ አስብ» ይላል። ሲማልድላቸው የኖረ ሰው ነው። እንዲያውም እግዚአብሔር ስለዚህ ሕዝብ አትጸልይ ብሎ በተደጋጋሚ ከልክሎታል፦ 7፥16፣ 11፥14፣ 14፥11። 15፥1 ላይ ሙሴና ሳሙኤል ቢቆሙ እንኳ አልሰማም አለ። እርግማኑ የወጣው እንዲህ ከለመነላቸው አፍ ነው፤ ጉድጓድ የቆፈሩለትም እነዚያው ናቸው። ልጆችን ለራብ የሚለው ያስጨንቃል፣ ሊያስጨንቅም ይገባል። የተናገረው ግን በከተማ ከበባ ጊዜ የሚሆነውን፣ በስብከቱም ሲያስጠነቅቃቸው የኖረውን ነው።

ለቡድኑ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ያሳዩ። በመጀመሪያ ነቢዩ በደሉን በስሙ ይጠራል፣ አያድበሰብስም። ቀጥሎ ጉዳዩን ለፈራጅ ይሰጣል፤ 11፥20 እና 20፥12 በአንድ ዓይነት ቃል «ክርክሬን ለአንተ ገልጬአለሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ በእጁ ምንም አያደርግም። ጳስኮር ሲፈታው የነገረው የእግዚአብሔርን ቃል ነው፣ ድንጋይ አላነሣም። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለተኛውን ዘለው ነው፤ እርግማኑን ይወስዳሉ፣ ፈራጅነቱንም ለራሳቸው ያስቀራሉ። ክርስቲያን ደግሞ ሉቃስ 23፥34 እና ሐዋርያት ሥራ 7፥60ን ሳያነብ ከዚህ ጥናት መውጣት የለበትም። እነዚያን አምጥቶ ኤርምያስን ዝም ማሰኘት ግን አያስፈልግም።

እዚሁ ላይ አንድ የተለመደ መደበላለቅ አለ። 11፥19 «ለመታረድ እንደሚነዳ የዋህ ጠቦት» ሲል ወዲያው ኢሳይያስ 53፥7ን ያነሳሉ። ምስሉ አንድ ነው፣ አካሄዱ ግን የተለያየ ነው። የኢሳይያስ አገልጋይ አፉን አይከፍትም፤ ኤርምያስ በሚቀጥለው ቁጥር በቀልህን ልይ ይላል።

20፥14–18ን በተመለከተ፣ ምስጋናው ላይ ማቆም የሚያጓጓ ቢሆንም መጽሐፉ አላቆመም። ከቁጥር 13 ወደ 14 የሚያሻግር አንድም ቃል የለም። ምስጋናው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ ስቃዩም አላለፈም ነበር። የሚረግመውን ደግሞ በደንብ ያስተውሉ፦ የተወለደባትን ቀንና ለአባቱ የምሥራች የነገረውን ሰው ነው። አባትና እናቱን አይረግምም፣ እግዚአብሔርን አይረግምም፤ ሁለቱም በሕጉ የሞት ቅጣት ያለባቸው ናቸው (ዘሌዋውያን 20፥9 እና 24፥16)። በዚያ ጨለማ ውስጥም ሆኖ ወሰኑን አላለፈም። ኢዮብ 3ን አብራችሁ ብታነቡ ይረዳል።

ሌላው፣ 21፥1 ላይ የሚመጣው ጳስኮር የመልክያ ልጅ ነው። ምዕራፍ 20 ላይ ያሰረው ግን የኢሜር ልጅ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ «አሳዳጁ ተመልሶ መጣ» ብሎ የሚያስተምር ብዙ ነው።

ብራና

በሸክላ ሠሪ ላይ ጥቂት ልጨምር። ከአባላቱ አንዱ ኤርምያስ የጸለየው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው ማለቱ አይቀርም። በአምስቱ ጸሎቶች ውስጥ ያለው ጉድጓድ (18፥20 እና 22) የአዳኝ ወጥመድ ምሳሌ ነው። እውነተኛው የውኃ ጉድጓድ ምዕራፍ 38 ላይ ነው፣ በሴዴቅያስ ዘመን በከበባው ጊዜ። ክሱ የወታደሩን እጅ ያደክማል የሚል ነበር፤ ውኃ የለበትም፣ ጭቃ ብቻ፣ ነቢዩም ጭቃው ውስጥ ገባ። እዚያ የኤርምያስ ጸሎት አልተጻፈም። ጸሎት ካስፈለገ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥52–57 አለ፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ስምህን ጠራሁ ይላል፣ መልሱም «አትፍራ» ነው።

ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ 30 ሰዎች ሰጠው። አቤሜሌክ በቀጥታ ገመድ አልጣለም፤ ከንጉሡ ቤት ከግምጃ ቤቱ ሥር አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ አምጥቶ በገመድ አወረደለትና ከብብትህ በታች ከገመዱ ጋር አድርገው አለው። ከጭቃ የሚጎተት ሰው ብብቱ እንዳይላጥ አስቦ ነው። 20፥11 ላይ እግዚአብሔር እንደ ኃያል ከእኔ ጋር ነው ያለው ጸሎት ዓመታት ቆይቶ እንዲህ ባለ እጅ ተመለሰ ብዬ አምናለሁ። ጊዜ ካለ ይህን በአራተኛው ሳምንት ያስገቡት፤ 39፥15–18ንም ይጨምሩ፣ ለአቤሜሌክ የተሰጠው ተስፋ እዚያ ነው።

17፥14ን ለሕመምተኛ የሚጸልይ አባል ካለ አያርሙት። አይሁድ በዘወትር ጸሎታቸው ውስጥ «ፈውሰኝ»ን «ፈውሰን» አድርገው በሥራ ቀናት ሦስት ጊዜ ይጸልዩታል።

የቁጥሩን ነገር ደግሞ አስቀድመው ይንገሯቸው። የግሪኩን የሰብዓ ሊቃናት ቅደም ተከተል የሚከተል መጽሐፍ የያዘ ሰው 17፥1–4ን ላያገኝ ይችላል፤ ከምዕራፍ 25 አጋማሽ በኋላም ምዕራፎቹ ይዘዋወራሉ። ጸሎቶቹ እስከ 20 ስለሆኑ አይነኩም፤ የአቤሜሌክ ምዕራፍ ግን በዚያ ቅደም ተከተል 45ኛው ነው፣ ነቢዩ ይሙት ተብሎ የተከሰሰበት ምዕራፍ 26 ደግሞ 33ኛው።